ፕሮፌሰር ጆን ጊበንና የልብ-ሳንባ መሣሪያ (1903–1973)

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሰው ልጅ የአካል ብልቶች መካከል የቀዶ ሕክምና ሊቃውንት ምላጫቸውን ለማሳረፍ እጅግ ዘግይተው የደፈሩት ልብን ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ሆድ ተከፍቶ ሊቆይ፣ የተሰበረ አጥንትም በእርጋታ ሊጠገን ይችላል፤ ልብ ግን ከእናት ማኅፀን ጀምሮ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ሥራውን ለአፍታ እንኳ አያቋርጥም። በሚመታበት ጊዜ ቢከፈት ደም እንደ ምንጭ ይፈሳል፤ እንዳይፈስ ቢያቆሙት ደግሞ አንጎል ከአራት ወይም ከአምስት ደቂቃ በላይ ደም ካጣ ሊመለስ የማይችል ጉዳት ይደርስበታል። ስለዚህ ሐኪሙ የፊትና የኋላ ገደል መካከል እንደ ቆመ ሰው ነበር።

በ1896 ዓ.ም. ሉድቪግ ሬን የተባሉ ጀርመናዊ ሐኪም በፍራንክፈርት ከተማ በስለት የተወጋን ልብ ከውጭ ሰፍተው የቁስለኛውን ሕይወት ለማትረፍ ችለው ነበር። ይሁን እንጂ የልብን ውስጠኛ ክፍል ከፍቶ፣ በዓይን አይቶ፣ ከልደት ጀምሮ የነበረን ቀዳዳ መድፈን ከዚያ በኋላም ከሃምሳ ዓመት በላይ የማይደረስበት ነገር ሆኖ ቆየ። ይህን በር ከከፈቱት ሰዎች ዋናው አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ጆን ጊበን ናቸው።

ጊበን በመስከረም 29 ቀን 1903 ዓ.ም. በፊላደልፊያ ከተማ ተወለዱ። ሕክምና የቤተሰቡ ርስት ነበር ማለት ይቻላል፤ አባታቸው በጄፈርሰን የሕክምና ኮሌጅ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ነበሩ፤ ከእርሳቸው በፊት የነበሩት አያቶችም እንዲሁ ሐኪሞች ስለ ነበሩ፣ ጊበን በትውልድ ቆጠራ አምስተኛው ሐኪም ሆኑ። ይህ ሁሉ ሲታይ መንገዱ የተጠረገላቸው ይመስላል። ነገር ግን በ1923 ዓ.ም. ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው የሕክምና ትምህርት በጀመሩበት በመጀመሪያው ዓመት ልባቸው ወደ ሥዕልና ወደ ሥነ ጽሑፍ አዘነበለና ትምህርቱን ለመተው አሰቡ። አባታቸውም አልተቆጡም፤ ሐኪም ሆኖ መሥራት ግዴታ እንዳልሆነ፣ የጀመሩትን ትምህርት ግን መፈጸም እንደሚጠቅማቸው መከሯቸው። ልጅም ምክሩን ተቀበሉና በ1927 ዓ.ም. በሕክምና ዶክተርነት ተመረቁ። ከሙያ ምርጫ ጋር ለሚታገሉ ልጆች ወላጆች ይህችን ታሪክ ማስታወስ ሳይጠቅማቸው አይቀርም።

በ1930 ዓ.ም. ወጣቱ ሐኪም ለምርምር ሥራ ወደ ቦስተን ከተማ ሄዱና በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል በዶክተር ኤድዋርድ ቸርችል ሥር ተመደቡ። (ከእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ጋር ከስም በስተቀር የሚያገናኛቸው ነገር የለም።) በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የሆነው ነገር የጊበንን የቀረውን ዕድሜ አቅጣጫ ስላስያዘው ዘርዘር አድርገን እንመልከተው።

አንዲት ሴት የሐሞት ከረጢቷ በቀዶ ሕክምና ወጥቶላት ለሁለት ሳምንት ያህል በመልካም ሁኔታ እያገገመች ሳለ በድንገት ብርቱ የደረት ሕመም ያዛት። ዶክተር ቸርችል የረጋ ደም ከሰውነቷ ተነሥቶ፣ በደም ሥር ተጉዞ፣ ከልብ ወደ ሳንባ የሚወስደውን ትልቁን የደም ቧንቧ እንደ ዘጋው ተረዱ። በዚያን ዘመን ለዚህ በሽታ የነበረው ቀዶ ሕክምና እጅግ አደገኛ በመሆኑ፣ ሐኪሞች የሚደፍሩት በሽተኛው በሞት አፋፍ ላይ ሲደርስ ብቻ ነበር። ስለ ሆነም ሴትዮዋ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ተወሰደች፤ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ መጠበቅ ተጀመረ። ምናልባት ሰውነቷ በራሱ ኃይል ያሸንፍ ይሆናል የሚል ተስፋ ነበር። ካላሸነፈ ግን ቀዶ ሕክምናው ወዲያው ይደረጋል።

የመጠበቁ ሥራ የተሰጠው ለጊበን ነበር። ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ እስከ ማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ድረስ፣ ማለትም ለ17 ሰዓት ያህል፣ ከአልጋዋ አጠገብ ሳይለዩ በየ15 ደቂቃው የልብ ምቷን፣ ትንፋሿንና የደም ግፊቷን እየለኩ መዘገቡ። በሌሊቱ ውስጥ ደሟ እየጠቆረ፣ የአንገቷ ደም ሥሮች እያበጡ፣ ትንፋሿም እየከበደ ሲሄድ ያዩ ነበር። ሊያደርጉላት የሚችሉት ነገር ግን አልነበረም። ጠዋት የልብ ምቷ ሊጠፋ ሲል ዶክተር ቸርችል ደረቷን ከፍተው፣ ቧንቧውን ሰንጥቀው፣ የረጋውን ደም አውጥተው፣ መልሰው ዘጉት፤ ይህን ሁሉ የፈጸሙት በ6 ደቂቃ ተኩል ውስጥ ነበር። ከዚህ የፈጠነ እጅ ማግኘት ያዳግታል። ሴትዮዋ ግን ሞተች።

ጊበን በዚያች ረጅም ሌሊት አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ካበጡት ደም ሥሮች የጠቆረውን ደም ያለማቋረጥ ወደ ውጭ ስቦ፣ ከሰውነት ውጭ ኦክስጅን እንዲያገኝና የተቃጠለውን አየር እንዲተው አድርጎ፣ የጠራውን ደም ወደ ሰውነት የሚመልስ መሣሪያ ቢኖር፣ የዚህች ሴት ሕይወት ሊድን ይችል ነበር። መሣሪያው የልብንና የሳንባን ሥራ እየሠራላት ሐኪሙ ሳይጣደፍ የረጋውን ደም ባወጣ ነበር። ሐሳቡ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፤ በሥራ ለመግለጥ ግን 23 ዓመት ፈጀ።

በቦስተን ሳሉ ሌላም ነገር አገኙ። በዶክተር ቸርችል ቤተ ሙከራ ውስጥ ሜሪ ሆፕኪንሰን የምትባል በሥራዋ የተመሰገነች ረዳት ነበረች። በ1931 ዓ.ም. ተጋብተው ወደ ፊላደልፊያ ተመለሱ። ወይዘሮ ሜሪ በጓዳ የሚጠብቁ ባለቤት ብቻ አልነበሩም። ከዚያ በኋላ በተከታታይ በተደረጉት ሙከራዎች የባላቸው የሥራ ባልደረባ እርሳቸው ነበሩ፤ የታሪክ ጸሐፊዎችም ይህን በግልጽ ይመሰክሩላቸዋል። ይሁን እንጂ በብዙ አጫጭር ጽሑፎች ስማቸው ሳይነሣ መቅረቱ የሚያሳዝን ነው።

በ1934 ዓ.ም. ባልና ሚስት ለአንድ ዓመት ወደ ቦስተን ተመልሰው ሥራውን ጀመሩ። የሚያበረታታቸው ሰው ጥቂት ነበር። ዶክተር ቸርችል ራሳቸው በሐሳቡ እምብዛም ባይማረኩም ቤተ ሙከራቸውን አልነፈጓቸውም። የነበራቸው መሣሪያ ዛሬ ለተመለከተው የሚያስገርም ነው፤ ከአሮጌ ዕቃ መደብር በጥቂት ዶላር የተገዛ የአየር መግፊያ፣ የመስተዋት ቱቦዎች፣ የጎማ ክዳኖች፣ እነዚህን የመሳሰሉ ነገሮች ነበሩ። ሙከራው የሚደረገው በድመቶች ላይ ስለ ሆነ፣ ጊበን ማታ ማታ ጆንያና ጥቂት ቱና ዓሣ ይዘው በቢከን ሂል ሠፈር መንገዶች እየዞሩ ባለቤት የሌላቸውን ድመቶች ይይዙ ነበር። አንባቢ በዚህ ቢያዝን አይፈረድበትም፤ ሳይንስ በእንስሳት ሥቃይ የከፈለችው ዋጋ መኖሩን መሸፈን አይገባም።

የሥራው ችግር ከልብ ይልቅ በደም ጠባይ ላይ ነበር። ደም ከሰውነት ወጥቶ መስተዋትና ጎማ ሲነካ ወዲያው ይረጋል። ለዚህ መፍትሔ የሆነው ሄፓሪን የሚባለው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ነበር፤ ሥራው ሲያበቃም የሄፓሪንን ኃይል ለማርከስ ፕሮታሚን የሚባል ሌላ መድኃኒት ይሰጣል። ሁለተኛው ችግር ደሙ ኦክስጅን እንዲያገኝ የማድረጉ ጉዳይ ነው። አየር በደም ውስጥ እንዲፍለቀለቅ ቢደረግ አረፋ ይሆናል፤ አረፋውም ወደ አንጎል ከገባ ይገድላል። ሳንባችን ደምን እጅግ በቀጭኑ በሰፊ ገጽ ላይ ስለሚዘረጋው ይህ ችግር አያገኘውም። ጊበንም ይህንኑ ለመኮረጅ ሲሉ በሚሽከረከር ቀጥ ያለ ሲሊንደር ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ደሙ እንደ ስስ ሽፋን እየተዘረጋ እንዲወርድና በዙሪያው ካለው ኦክስጅን እንዲጠጣ አደረጉ። ሦስተኛው ችግር የደም ቅንጣቶች በመግፊያው ውስጥ እንዳይደቅቁ መጠንቀቅ ነበር።

የአንድ ቀን ሙከራ ለማዘጋጀት ብቻ ግማሽ ቀን ይወስድ ነበር። ማለዳ ተነሥተው ዕቃውን ሁሉ ያጸዳሉ፤ ድመቷን በማደንዘዣ ያስተኛሉ፤ ቱቦዎቹን በደም ሥሮቿ ውስጥ ያስገባሉ፤ ከዚያም ወደ ሳንባ የሚወስደውን ቧንቧ በመቆንጠጫ ቀስ በቀስ ያጠብባሉ። ለብዙ ጊዜ ውጤቱ ውድቀት ብቻ ነበር። በ1935 ዓ.ም. ግን አንድ ቀን መቆንጠጫው ሙሉ በሙሉ ተዘጋ፤ የድመቷ ልብና ሳንባ ከደም ዝውውሩ ውጭ ሆኑ፤ የደም ግፊቷ ግን አልወረደም። መሣሪያው ብቻውን ሕይወቷን ጠበቀ። ባልና ሚስቱ በዚያች ጠባብ ቤተ ሙከራ ውስጥ ተቃቅፈው ጨፈሩ።

ጊበን በዚያው ዓመት ወደ ፊላደልፊያ ተመልሰው በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሥራቸውን ቀጠሉ። በ1937 ዓ.ም. ስለ መሣሪያው የመጀመሪያውን ሰፊ ጽሑፍ አወጡ፤ በ1939 ዓ.ም. ደግሞ ከሙከራው በኋላ በሕይወት ስለ ቆዩ ድመቶች ለደረት ቀዶ ሕክምና ሊቃውንት ማኅበር አስረዱ። ከአድማጮቹ አንዱ የሆኑት ዶክተር ሊዮ ኤሎሰር ነገሩን ፈረንሳዊው ደራሲ ዡል ቬርን በልብ ወለድ ድርሰቶቹ ካለማቸው፣ በጊዜያቸው የማይቻሉ ተብለው ኋላ እውን ከሆኑት ነገሮች ጋር አነጻጸሩት። ከዚያ የዓለም ጦርነት መጣ። ጊበን በጦር ሠራዊቱ ውስጥ በሐኪምነት አገልግለው፣ በ1946 ዓ.ም. አባታቸው ባስተማሩበትና እርሳቸውም በተማሩበት በጄፈርሰን የሕክምና ኮሌጅ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰርና የምርምር ክፍሉ ኃላፊ ሆኑ።

አሁን የሚያስፈልገው ለድመት ሳይሆን ለሰው የሚበቃ መሣሪያ ነበር፤ ይህ ደግሞ ከአንድ ሐኪምና ከባለቤቱ እጅ በላይ ነው። በኮሌጁ የሚማር አንድ ወጣት በእጮኛው ቤተሰብ አማካይነት የታወቀው የአይ ቢ ኤም ኩባንያ መሪ ከነበሩት ከቶማስ ዋትሰን ጋር እንዲገናኙ መንገድ ከፈተላቸው። ዋትሰንም ነገሩን ተቀብለው የኩባንያቸውን መሐንዲሶች አሰለፉ፤ ወጪውንም ኩባንያው ቻለ። የድመት ደም መጠን ጥቂት ስለ ሆነ ሲሊንደሩ ይበቃ ነበር፤ ለሰው ግን ሲሊንደሩ እጅግ ትልቅ መሆን ሊኖርበት ነው። የጄፈርሰን ወጣት ተመራማሪዎች ደሙ በሽቦ ወንፊት ላይ እየተናወጠ ሲወርድ ከበፊቱ ይልቅ ብዙ ኦክስጅን እንደሚይዝ አረጋገጡ። ስለዚህ ሲሊንደሩ ቀርቶ ቀጥ ብለው በተሰቀሉ የማይዝጉ የብረት ወንፊቶች ተተካ። አዲሱ መሣሪያ ትልቅ ፒያኖ ያህላል ይባል ነበር።

በ1952 ዓ.ም. መሣሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ በጄፈርሰን ለሰው ዋለ። በሽተኛዋ የ15 ወር ሕፃን ስትሆን፣ በላይኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ አለባት ተብሎ ታምኖ ነበር። ልቧ ሲከፈት ግን ቀዳዳው አልተገኘም፤ ሕፃኗም ሞተች። ከሞተች በኋላ በተደረገው ምርመራ ሕመሟ ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ ከልደት በኋላ ሊዘጋ የሚገባው፣ ከልብ ውጭ ያለ የደም ቧንቧ ሳይዘጋ ቀርቶ ነበር። በዚያን ጊዜ የልብን ውስጣዊ ሁኔታ አስቀድሞ ማወቅ ምን ያህል አዳጋች እንደ ነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1951 ዓ.ም.፣ በሚኒሶታ ዶክተር ክላረንስ ዴኒስ በሌላ መሣሪያ ያደረጉት ሙከራም በሞት ተፈጽሞ ነበር።

ሁለተኛዋ በሽተኛ የ18 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ነበረች። በላይኞቹ የልብ ክፍሎች ግድግዳ ላይ ሰፊ ቀዳዳ ስለ ነበረባት፣ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ልቧ ደክሞ ሆስፒታል ገብታለች። በግንቦት 6 ቀን 1953 ዓ.ም. ጊበን ደረቷን ከፍተው ከመሣሪያው ጋር አገናኟት። በጠቅላላው ለ45 ደቂቃ ከመሣሪያው ጋር የቆየች ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ለ26 ደቂቃ ልቧና ሳንባዋ ከደም ዝውውሩ ፈጽሞ ተለይተው ሕይወቷ በመሣሪያው ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ነበር። ነገሩ ያለ ጭንቀት አልተፈጸመም። የተሰጠው ሄፓሪን በቂ ስላልነበረ ደሙ በወንፊቶቹ ላይ መርጋት ጀምሮ ነበር፤ ጥቂት ቢዘገይ ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር። ጊበን ግን በተከፈተው ልብ ውስጥ ቀዳዳውን በዓይናቸው እያዩ በክር ሰፍተው ደፈኑት። ከመሣሪያው ስትለይ ልቧ ሥራውን ተረከበ። በሐምሌ ወር በተደረገላት ምርመራም ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ መዘጋቱ ተረጋገጠ።

የሰው ልጅ ልብና ሳንባ ሥራቸው ሙሉ በሙሉ በመሣሪያ ተተክቶ፣ ልብ ተከፍቶ፣ በሰላም ሲታከም ይህ የመጀመሪያው ነበር። ይህን የመሰለ ነገር የሠራ ሰው ወደ ታላላቅ ጋዜጦች ይሮጣል ብለን እናስብ ይሆናል። ጊበን ግን ለዝና የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ፤ የሥራቸውን ዘገባ ያወጡት በ1954 ዓ.ም. በሚኒሶታ ክፍለ ሀገር ሐኪሞች መጽሔት ላይ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የሕይወታቸው ምዕራፍ በብዙ ጽሑፎች በፍጥነት ይታለፋል። ወጣቲቱ ከዳነች ከሁለት ወር በኋላ፣ በሐምሌ 1953 ዓ.ም.፣ በሁለት የአምስት ዓመት ሴት ልጆች ላይ ተመሳሳይ ቀዶ ሕክምና አደረጉ። ሁለቱም ሞቱ። እንግዲህ በጄፈርሰን በመሣሪያው ከታከሙት አራት በሽተኞች የዳነችው አንዲት ብቻ ሆነች። ጊበን በመሣሪያው መጠቀም ለአንድ ዓመት እንዲቆም አዘዙ። ዓመቱ ሲያልፍም ወደ ክፍት የልብ ቀዶ ሕክምና አልተመለሱም።

ይህን ውሳኔ እንደ ድካም የቈጠሩባቸው አልጠፉም። ሃያ ሦስት ዓመት የደከሙበትን ሥራ ፍሬ በያዘ ማግስት መተው በእርግጥ ለመረዳት ያስቸግራል። ይህ ጸሐፊ ግን ነገሩን በሌላ መልክ ያየዋል። በ1930 ዓ.ም. በዚያች ሌሊት ከአንዲት በሽተኛ አልጋ አጠገብ 17 ሰዓት የቆየ ሰው፣ የሞቱትን ልጆች እንደ ቍጥር ሊመለከታቸው አይችልም ነበር። መሣሪያው በራሱ በቂ ቢሆንም ሕመሙን አስቀድሞ በትክክል የማወቅ ጥበብ ገና እንዳልተሟላ የሕፃናቱ ሞት አሳይቷቸው ነበር።

ሥራውን ለሌሎች ያስተላለፉበት መንገድ ደግሞ ምስጋና ይገባዋል። በሮቼስተር ከሚገኘው ከሜዮ ክሊኒክ ዶክተር ጆን ከርክሊንና ባልደረቦቻቸው ወደ ፊላደልፊያ መጥተው መሣሪያውን በተመለከቱ ጊዜ ጊበን ምንም ሳይሰስቱ ንድፉን ሰጧቸው። ከርክሊንም መሣሪያውን አሻሽለው በመጋቢት 22 ቀን 1955 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና አደረጉ፤ ከመጀመሪያዎቹ ስምንት በሽተኞች አራቱ ዳኑ። በዚያው በሚኒሶታ ክፍለ ሀገር ዶክተር ዋልተን ሊለሃይ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ከመሣሪያ ይልቅ የሕፃኑን አባት ወይም እናት ከሕፃኑ ጋር በቱቦ አገናኝተው፣ የወላጁ ልብና ሳንባ ለልጁ እንዲሠራ በማድረግ 45 በሽተኞችን አክመው ነበር። ወላጅ ለልጁ እስከዚህ ድረስ ራሱን መስጠቱ ልብ የሚነካ ቢሆንም፣ አንዱን ለማዳን ሁለት ሰው ለአደጋ የሚያጋልጥ ዘዴ በመሆኑ መሣሪያው ሲሻሻል ቀረ።

ጊበን ከዚያ በኋላ በማስተማርና በደረት ቀዶ ሕክምና ቀጠሉ፤ በ1956 ዓ.ም. የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ዋና ኃላፊ ሆኑ፤ በ1962 ዓ.ም. በእርሳቸው አዘጋጅነት የወጣው የደረት ቀዶ ሕክምና መጽሐፍ ለብዙ ዘመን የሐኪሞች መማሪያ ሆነ። በ1967 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ዶክተር ክሪስቲያን ባርናርድ በደቡብ አፍሪካ በኬፕታውን ከተማ የመጀመሪያውን የሰው ልብ ንቅለ ተከላ አደረጉ፤ ያም ያለ ልብ-ሳንባ መሣሪያ የሚታሰብ አልነበረም። በ1968 ዓ.ም. ለጊበን የላስከር ሽልማት ተሰጣቸው።

በጡረታ ዘመናቸው ከፊላደልፊያ ወጣ ብሎ በሚገኘው እርሻቸው ከወይዘሮ ሜሪ ጋር ኖሩ። አራት ልጆች ወልደው አሳድገው ነበር። በወጣትነታቸው ሕክምናን ሊተዉለት ወደ ነበረው ወደ ሥዕል ሥራም ተመለሱ። በየካቲት 5 ቀን 1973 ዓ.ም. ቴኒስ በመጫወት ላይ ሳሉ ድንገተኛ የልብ ሕመም ደርሶባቸው በ69 ዓመታቸው ዐረፉ። በ1953 ዓ.ም. ልቧን የጠገኑላት ተማሪ ግን እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ በሕይወት ኖራለች።